የተቋረጠው ቀጠሮ፤ ወረርሽኙና የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት በከፋ

በኢትዮጵያ የወረርሽኝ ታሪክ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታወሰው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። በዓለም ላይ የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ እየተባለ የተጠራው ይኸው ደዌ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ከከተማይቱ ነዋሪ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋውን እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል፤ ቀባሪ ታጥቶም ሬሳ በየቤቱ ቀርቷል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለውና «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ያ በሽታ በመላው ዓለም ከሁሉ አብልጦ ካጠቃቸው ሰዎች መካከል ነፍሰ ጡሮች ይገኙበታል። ሆኖም በኢትዮጵያ የእናቶችን የጤና አገልግሎት አፈረሰ ለማለት አይቻልም፤ የሚፈርስ አገልግሎት አልነበረምና። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከተከፈተ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ከመዲናይቱ ርቃ የምትኖር ወላድ ተስፋዋ የመንደሯ የልምድ አዋላጅና «ማርያም፣ ማርያም» እያለች የምታሰማው ልመና ብቻ ነበሩ። ስለሆነም የኅዳር በሽታ ካለፈ በኋላ ሙታን ተቀበሩ፣ ሐዘን ተወጣ እንጂ «አገልግሎቱን ወደ ነበረበት እንመልስ» ብሎ የተነሣ አልነበረም።

ከመቶ አንድ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ሲነገር፣ ሁኔታው ፍጹም የተለየ ነበር። በመካከሉ አንድ ሥርዓት ተሠርቷል፤ ሥርዓት ደግሞ ሲቋረጥ ይታወቃል፤ መልሶ ማያያዙም የራሱ ሥራና የራሱ ታሪክ ይኖረዋል። እዚህ የሚተረከው ይኸው ሥራ በአንድ አካባቢ፣ በቦንጋና በከፋ ዞን፣ ምን መልክ እንደ ነበረው ነው።

ከመጋቢት በፊት የነበረው

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ በደን በተሸፈኑ ኮረብቶች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዘውዱም ሆነ በደርግ ዘመን ከፋ የሚለው ስም ዋና ከተማው ጅማ የሆነውን ሰፊ ግዛት ይጠራ ስለ ነበር፣ ቦንጋ የአውራጃ ከተማ ብቻ ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው በከፋ መንግሥት ዘመን ግን አገሪቱ በጥልቅ ቦዮችና በእንጨት አጥር ታጥራ፣ እንግዳና ነጋዴ በተጠበቁ በሮች ብቻ የሚያልፍባት ነበረች። ይህ ሥርዓት በ1890 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ እስከ ተማረኩበት ጊዜ ድረስ ጸንቷል። በ2012 ዓ.ም. በየከተማው መግቢያ ገመድ ተዘርግቶ መንገደኛ ሙቀቱ ሲለካ የተመለከተ የከፋ ሽማግሌ ነገሩ ፍጹም እንግዳ ባልሆነበት ነበር።

የዛሬው የከፋ ዞን ጊምቦን፣ ጨናን፣ ዴቻን፣ ጌሻን፣ አዲዮንና ጠሎን የመሳሰሉ ወረዳዎችን ይዟል። የዱር ቡናው ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙም ሳያቋርጥ ይወርዳል። ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚያልፈው ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደየቀበሌው የሚገባው መንገድ ክረምት በገባ ጊዜ ለመኪና የሚመች አይደለም። የጤና ነገር ሲነሣ የመንገድ ነገር አብሮ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። በቦንጋ የሚገኘው የገብረ ፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ከአቅሙ በላይ የሆነችውን ወላድ ወደ ጅማ ሲልክ መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

የቤተሰብ ምጣኔ በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ያለው ጉዳይ አይደለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን በአደባባይ ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው በዚህ ክልከላ ጥላ ሥር ነው። የሕዝብ ብዛት ፖሊሲ በ1985 ዓ.ም. ወጣ። እውነተኛው ለውጥ ግን የመጣው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በየጤና ኬላው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች፤ የሐሳቡ ቀላልነት ነበር ጥንካሬው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ እነዚህ ሴቶች በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ ሠለጠኑ። ከዚያ በፊት ያ ሥራ ከፍ ካለ ተቋም ውጭ አይሞከርም ነበር።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2005 ወደ 14፣ በ2011 ወደ 27፣ በ2016 ወደ 35፣ በ2019 ወደ 41 ከፍ አሉ። ከፋ የነበረችበት የደቡብ ክልል በ2016ቱ ጥናት ወደ 40 በመቶ ደርሶ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶችም በ2016 ከመቶ 26 የነበሩት በሦስት ዓመት ውስጥ 48 ሆኑ። በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ይህን የመሰለ ዕድገት ያሳዩ አገሮች ጥቂቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መከላከያ ከሚጠቀሙት ሴቶች እጅግ የሚበዙት የመረጡት መርፌውን ነው። መርፌው ደግሞ በየአሥራ ሦስት ሳምንቱ መታደስ አለበት። ሴቲቱ በዓመት አራት ጊዜ ከጤና ኬላው መድረስ፣ ባለሙያዋ መገኘት፣ መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ መኖር አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ቀጠሮው ይፈርሳል። በማሽን ጥገና የሠለጠነ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፦ በየጊዜው ዘይቱ የሚለወጥ ሞተር በደኅናው ቀን ከማናቸውም ሞተር አያንስም፤ ነገር ግን ዘይት ለዋጩ የቀረ ዕለት ደካማነቱ ይገለጣል።

የመቋረጡ አካሄድ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ግማሽ ሰው እየጫኑ እንዲሄዱ ሲደረግ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። በርካታ ክልሎችም ከዐዋጁ በፊት አገር አቋራጭ መጓጓዣን አግደው ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጤና ተቋማት ይዘጉ ያለ አንድም ሕግ አልወጣም። የመርፌ ክፍሉም፣ የእርግዝና ክትትሉም፣ የማዋለጃ ክፍሉም በሕግ ክፍት ነበሩ። የተቋረጠው ወደ እነርሱ የሚወስደው ነገር ሁሉ ነው።

የአራቱን ሰው ክልከላ ለምሳሌ እንውሰድ። የገጠሩ የጤና ሥራ የተመሠረተው በሴቶች የልማት ቡድንና «አንድ ለአምስት» በሚባለው ትስስር ላይ ነበር። አንዲት መሪና አምስት ጎረቤቶቿ ሲደመሩ ስድስት ናቸው። በመሆኑም ከተማን አስቦ የወጣው ክልከላ በገጠር ትንሿን የጤና ትምህርት ሕዋስ ሳይቀር ሕገ ወጥ አደረጋት። በየወሩ በጤና ኬላው ቡና ተፈልቶ የሚደረገው የነፍሰ ጡሮች ጉባኤም በዚያው ቆመ። የመውለጃ ቀናቸው የቀረበ እናቶች ከሩቅ መጥተው አብረው የሚያድሩበት የእናቶች ማቆያ ቤት፣ አንድ ክፍልና አንድ ምድጃ የሚጋሩበት በመሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራ ስፍራ ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ኃይል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ትኩሳት ያለውን እንዲጠይቁ፣ ከውጭ የመጣውን እንዲመዘግቡ፣ እጅ መታጠብን እንዲያስተምሩ ታዘዙ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ደግሞ ሌላ ሸክም ጨመረ። ትእዛዙ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም፤ ከእነርሱ ሌላ በየደጁ የሚደርስ ማንም አልነበረምና። ነገር ግን በአንዲት ሴት እጅ ላይ ሁለት ሥራ ሲደራረብ ወደ ኋላ የሚቀረው አጣዳፊ የማይመስለው ነው፤ ቀጠሮ ያላት ሴት ደግሞ አትጮኽም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ፍርሃት ነበር። ባለሙያው ጭምብልና ጓንት በበቂ ስላልነበረው ሕመምተኛን ፈራ፤ ሕመምተኛውም «በሽታው ያለው ሆስፒታል ነው» ብሎ ባለሙያውን ፈራ። በየተቋሙ በር የቆመ ጠባቂ ሙቀት እየለካ «ወዴት ነው? ለምን ጉዳይ ነው?» ሲል በአደባባይ መጠየቁ ለጉንፋን ለመጣ ሰው ምንም አይደለም። በአባላዘር በሽታ ለተያዘ ወጣት፣ ወይም ከባሏ ተደብቃ መርፌ ለምትወጋ ሴት ግን ያ ጥያቄ ከበር የሚመልስ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የባሕር ማዶው ጉዳይ አለ። የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕንድ 26 የመድኃኒት ቅመሞችንና መድኃኒቶችን ወደ ውጭ መላክ በገደበች ጊዜ ከዝርዝሩ አንዱ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ነበር። በመጋቢት አጋማሽ በማሌዥያ የሚገኘው የዓለም ታላቁ የኮንዶም ፋብሪካ ለጥቂት ቀናት ተዘጋ፤ በዓለም ላይ ከሚሠሩት አምስት ኮንዶሞች አንዱ የሚወጣው ከዚሁ ኩባንያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፣ እገዳው ስድስት ወር ከቀጠለ በ114 አገሮች 47 ሚሊዮን ሴቶች መከላከያ ያጣሉ፣ 7 ሚሊዮን ያልታሰቡ እርግዝናዎችም ይከሠታሉ ብሎ አስጠነቀቀ። በዓመቱ ሒሳቡ እንደ ገና ሲሠራ ቁጥሩ ወደ 12 ሚሊዮን ሴቶችና 1.4 ሚሊዮን እርግዝናዎች ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሲታይ ነቢዩ ተሳስቷል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በመካከሉ የተሠራውን ሥራ ከቁጥር ማግባት ተገቢ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በመንግሥት ጤና ተቋማት የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. የ2019ኙን ከማርች እስከ ጁን ያሉ አራት ወራት ከ2020ዎቹ ተመሳሳይ ወራት ጋር አነጻጽሯል። የእርግዝና ክትትል ከሩብ በላይ ቀንሷል፤ በተቋም መውለድ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል፣ የቤተሰብ ምጣኔ ጉብኝት ደግሞ 16 በመቶ ያህል ዝቅ ብለዋል። ሞተው የሚወለዱና በተወለዱ በጥቂት ቀናት የሚሞቱ ሕፃናት ድርሻ ጨምሯል። ከፅንስ ማቋረጥ ጋር በተያያዘ ሕክምና ለማግኘት ከመጡት መካከልም ያልበሰሉ ልጃገረዶች ድርሻ ከፍ ብሏል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለብቻው መታየት አለበት።

በኢትዮጵያ ገጠር ትምህርት ቤት ማለት ለሴት ልጅ ፊደል የሚቆጠርበት ቤት ብቻ አይደለም። የጋብቻ ጥያቄ ሲመጣ «ትምህርቷን ትጨርስ» የሚባልበት ምክንያት፣ መምህሩ የቀረችውን ጠርቶ የሚጠይቅበት መዝገብ፣ እርስ በርስ የሚመካከሩ ጓደኞች ያሉበት ስፍራ ነው። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ቢሆንም፣ የ2016ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች እኩሌታዎቹ በ17.1 ዓመታቸው አግብተው እንደ ነበር አሳይቷል። ትምህርት ቤት ለሰባት ወራት ሲዘጋ ይህ ሁሉ መከላከያ አብሮ ተዘጋ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በአስገድዶ መድፈር፣ በዘመድ አዝማድ ግንኙነት፣ ለእናቲቱ ሕይወትና ጤና አስጊ በሆነ ጊዜና ለአካለ መጠን ባልደረሰች ልጅ ሁኔታ ፅንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል። ሕጉ ቢፈቅድም ግን ልጅቱ ከጤና ተቋሙ መድረስ አለባት፤ ያውም ሳይዘገይ። መጓጓዣ በታገደበት ወር የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ቀላሉን ሕክምና ከባድ ያደርገዋል።

አገልግሎቱ እንዴት ተመለሰ

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሥልጣኖች የምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ ትምህርት ከጆሯቸው አልራቀም ነበር። በሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 አገልግሎት በመዳከሙ ብቻ ተጨማሪ 3,600 ያህል እናቶችና ጨቅላዎች እንደ ሞቱ፣ ሞተው የተወለዱትም በዚሁ ቁጥር ውስጥ እንደ ተካተቱ በኋላ ተሰልቷል፤ ይህም ኢቦላ ራሱ በዚያች አገር ከገደላቸው ሰዎች ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚህም በላይ አጋጣሚው ሆኖ፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመገኘቱ አንድ ቀን በፊት መጋቢት 3 ቀን የጤና ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ዶክተር ሊያ ታደሰ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጋቢትና በግንቦት መጨረሻ አስፈላጊ አገልግሎቶች እንዳይቋረጡ መመሪያ አወጣ፤ ሚኒስቴሩም የእናቶችና የሥነ ተዋልዶ አገልግሎቶችን በወረርሽኙ ጊዜ ለማስቀጠል የሚያግዝ የራሱን መመሪያ አዘጋጀ።

መመሪያ ግን ወረቀት ነው። በተግባር የተገኘው መፍትሔ ባለሙያዎች በሌላ መስክ «መቻቻያ» ከሚሉት ነገር ነው የተወሰደው። ማናቸውም መለኪያ ሲሠራ የተወሰነ ዝንፈት ይፈቀድለታል፤ ያ ዝንፈት ሳይታወቅ የቆየ እንደ ሆነ ግን ሰው በከንቱ ይጨነቃል። መርፌው አሥራ ሦስት ሳምንት ቢባልም እስከ አራት ሳምንት ዘግይታ የመጣች ሴት ያለ ተጨማሪ ምርመራ ልትወጋ እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት ካስታወቀ ቆይቷል። መርፌው ከቆመም በኋላ የመፀነስ አቅም ቶሎ አይመለስም፤ ብዙውን ጊዜ ወራት ይፈጃል። ለሦስት ዓመት የተባለው ኢምፕላኖንም ከዚያ በላይ እንደሚያገለግል ጥናቶች አሳይተዋል፤ በመሆኑም ጊዜው ያለፈባት ሴት ለማስወጣት እንዳትጣደፍ ተመከረ። ያለ ምንም ዝንፈት የቀረችው ኪኒን የምትውጠው ናት፤ ለእርሷ መፍትሔው በአንድ ጊዜ የብዙ ወር ኪኒን መስጠት ነበር። ይኸው ዘዴ በፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ አስቀድሞ ተሞክሯል። ሁኔታቸው የተረጋጋ ሕመምተኞች በየስድስት ወሩ ብቻ እንዲመጡ የሚያደርገው አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሲሠራበት ስለ ቆየ፣ ወረርሽኙ ሲመጣ ሌላ ነገር መፈልሰፍ አላስፈለገም፤ ሰፋ አድርጎ መጠቀም ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የሕንፃና የውኃ ጉዳይ ይነሣል፤ የሙያ አንባቢም ይህን ክፍል አትኩሮ ቢመለከተው ይወደዳል። ብዙ ጤና ኬላዎች የቧንቧ ውኃ አልነበራቸውም። «እጅህን ታጠብ» የሚለው ትእዛዝ ከመድረሱ በፊት ውኃው መድረስ ነበረበት። በየከተማው የብረታ ብረት ወርክሾፖች ከበርሜልና ከፔዳል እየገጣጠሙ የሠሩት በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ፣ ከሁሉ ርካሽ የሆነው የዚያ ዘመን የምሕንድስና ሥራ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሁለተኛው ሥራ መለየት ነው። ሳል ያለበት በአንድ በኩል፣ እናቶች በሌላ በኩል እንዲገቡ የጤና ጣቢያ አጥር ሌላ በር ተከፈተለት፤ ድንኳን ወይም ሸራ የተዘረጋበት መጠበቂያ ከደጅ ተሠራ። ይህ የበሽታውን መተላለፍ ለመቀነስ የታሰበ ቢሆንም ሳይታሰብ ሌላ ጥቅም ሰጠ፤ የእናቶቹ በር ከአደባባዩ ጥያቄ ነፃ ነበርና። የበሩ ጉዳይ ከወረርሽኙ በኋላም ሊታሰብበት የሚገባ ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ሸራው ተነሣ፣ ሁለተኛውም በር ተቆለፈ።

በከፋ ሁኔታ ላይ ደግሞ የወቅቱ ነገር ይጨመራል። የመቋረጡ ወራት ከበልጉና ከክረምቱ ዝናብ ጋር ገጠሙ፤ የመመለሱ ወራት ከቡና ለቀማው ጋር። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ እናት፣ ልጅና ሽማግሌ ሳይቀር ደን ውስጥ ናቸው። በዚህ ወቅት ሴቶችን ጤና ኬላ ተቀምጦ የሚጠብቅ ባለሙያ ብቻውን ይውላል። መንገዱ የሚደርቅበትና ሰው ከቤቱ የሚጠፋበት ጊዜ አንድ በመሆኑ፣ ሥራው የሚሳካው ባለሙያዋ መዝገቧን ይዛ ወደ ቡናው ስትሄድ ነው። በዚህ ረገድ ከወረርሽኙ የተገኘ አንድ ትርፍ አለ። ቤት ለቤት ስትዞር ለትኩሳት የተመዘገበው ስም በዚያው ደብተር ቀጠሮዋ ያለፈባትን ሴትም ለመፈለግ ሊያገለግል ይችል ነበር።

በደኑ ዳር የሚኖሩትን ማንጆዎች ሳያነሡ ስለ ከፋ ጤና መናገር ጉድለት ነው። ከጥንት ጀምሮ በአዳኝነት የሚታወቁት እነዚህ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ሲገለሉ ኖረዋል። በሕግ ሁሉም እኩል ከሆነ ቆይቷል፤ በልማድ ግን ርቀቱ ቶሎ አልጠፋም። በወረርሽኙ ጊዜ «ርቀትህን ጠብቅ» የሚለው ቃል ለሌላው አዲስ ሲሆን ለእነርሱ የቆየ ነበር። ማኅበራዊ ርቀት ቀድሞውኑ ከጤና ተቋም ላራቃቸው ሰዎች «ወደ ነበረበት መመለስ» የሚለው አነጋገር ብዙ ትርጉም የለውም፤ የነበረው ራሱ ጎዶሎ ነበርና። ስለሆነም በእንዲህ ያለው ቦታ የተሃድሶ መለኪያው የ2011 ዓ.ም. ቁጥር ሊሆን አይገባውም።

ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በየተራ መከፈት ጀመሩ። የካቲት 28 ቀን 2.2 ሚሊዮን መጠን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት በኮቫክስ በኩል አዲስ አበባ ገባ፤ ቅድሚያ ከተሰጣቸው መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ባለሙያው ከተከተበ በኋላ የሕመምተኛው ፍርሃት አብሮ መብረዱ አያስደንቅም። በሰሜኑ ግን በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በትግራይ፣ በኋላም በአማራና በአፋር ክልሎች የጤና ተቋማትን አወደመ። ያ የራሱ ታሪክ ነው። ለከፋ የተረፈው ውጤት የመንግሥት ዓይንም ገንዘብም ወደ ሌላ መዞሩ ነው።

በዚሁ ዘመን አስተዳደሩም ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የከፋ ዞን ሪፖርቱን የሚልከው፣ መድኃኒቱንና በጀቱን የሚጠይቀው ከሐዋሳ ነበር፤ ከቦንጋ ሐዋሳ ለመድረስ ረጅም መንገድ ያስፈልጋል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በአንድ ክልል ሥር ሆኑ፤ ቦንጋም የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። የአዲስ ክልል ምሥረታ ለተቋረጠ አገልግሎት መድኃኒት ነው ለማለት አይቻልም፤ ቢሮ ይደራጃል፣ መኪና ይከፋፈላል፣ ባለሙያ ይዛወራል፤ የመጀመሪያው ዓመት በዚህ ያልቃል። የርቀቱ ማጠር ግን ጥቅም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ወረርሽኙ የዓለም አስቸኳይ ጊዜ መሆኑ እንዳበቃ ሲያውጅ፣ በኢትዮጵያ ከ500 ሺህ በላይ ሕመምተኞችና ከ7,500 በላይ ሟቾች ተመዝግበው ነበር። የመከላከያ አገልግሎቱ ግን እንደ ወረርሽኙ በአንድ ቀን ዐዋጅ አያበቃም። አንድ ውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ድንጋይ ቢወረውሩ ማዕበሉ ከግድቡ ተጋጭቶ እንደሚመለስ፣ የ2012 መቋረጥም የራሱ ተመላሽ ሞገድ ነበረው። በ2013 ዓ.ም. መርፌ ያመለጣቸው ሴቶች ወደ ረጅም ጊዜው መከላከያ እንዲሻገሩ ሲመከሩ፣ በዚያ ዓመት የተቀበረው የሦስት ዓመት ኢምፕላኖን መውጫ ጊዜው በ2016 ዓ.ም. ይደርሳል። ማስገባቱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጤና ኬላ ትሠራዋለች፤ ማውጣቱ ግን የጤና ጣቢያ ሥራ ሆኖ የተደለደለ ነው። በቀበሌ የተከፋፈለው ሥራ ሲመለስ በአንድ በር ይመጣል ማለት ነው። ማስወገጃ ቢላዋና መቆንጠጫ፣ የሚቀቅላቸው መሣሪያ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚነሣ ጀኔሬተር፣ የሠለጠነ እጅም በዚያ በር ላይ ያስፈልጋሉ። የመግቢያውን እንጂ የመውጫውን አቅም ያልለካ ዕቅድ በውኃ መስመር ሥራ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ክረምት ይታወቅ ነበር።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት አገደ። ጤና ሚኒስቴርም በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ አምስት ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በኤች አይ ቪ አገልግሎት ላይ የነበሩ ናቸው። በዚህ ጊዜ የጅማ መንገድ ክፍት ነበር፤ መሰብሰብም አልተከለከለም፤ በበር ላይ ሙቀት የሚለካም አልነበረም። የጎደለው ደመወዝ ነበር።